ሙታንን የሚያበላልጥ ዝምታ!



የዘር ማጥፋት ወንጀል በተፈጸመ ቁጥር የዓለም መንግስታት የሚደግሙት አንድ ቃል አለ፤ «አላወቅንም ነበር» ይላሉ። ውሸት ነው! ያውቁ ነበር። በሩዋንዳ የተባበሩት መንግስታት ጦር አዛዥ የነበሩት ጀነራል ዳሌር ጭፍጨፋው ከመጀመሩ ሦስት ወር ቀድመው፣ በጥር 1986፣ መሳሪያ እየተከማቸና ቱትሲዎች እየተመዘገቡ መሆኑን ለኒውዮርክ ጽፈዋል። ስሬብሬኒጻን «የተጠበቀ ቀጠና» ብሎ የሰየማት፣ ወታደርም ያቆመባት ራሱ የተባበሩት መንግስታት ነው። ጋዛ ስትወድም ደግሞ ዓለም በሙሉ በኪሱ በያዘው ስልክ እየተመለከተ ነው።

ስለዚህ ዝምታው የመረጃ ጉድለት አይደለም። ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱ ቀላል ነበር፤ ማስረዳት ብቻ ይበቃ ነበር። ዝምታው ስሌት ነው! ማን ሲሞት እንደሚጮኸ፣ ማን ሲሞት «ሁሉም ወገኖች ይታገሱ» እንደሚባል አስቀድሞ ተሰልቷል። ሟች ከሟች ይበላለጣል። የአንዱ ሬሳ ማዕቀብ ያስጥላል፤ የሌላው ሬሳ መግለጫ ያስወጣል፤ የሦስተኛው ያንንም አያገኝም።

በአትላስና በዙሪያው የምንሰግድ ሰዎች ይህን ስሌት ለማየት ጄኔቫ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። ከጁሙዓ በኋላ ጫማችንን እያጠለቅን የምንሰማው ነው። ኢማሙ ለጋዛ ዱዓ ሲያደርጉ «አሚን» የማይል የለም። አልሐምዱሊላህ፣ የጀመዓው ልብ ህያው ነው። የቶሌ ስም ሲነሳ ግን ዙሪያውን የሚገላምጥ አይጠፋም። «እሱን ተዉት፣ ፖለቲካ ነው» የሚል ይመጣል። «መስጊዱን ታስመቱታላችሁ» የሚል ይከተላል። እነዚህን ወንድሞች በክፋት አንጠረጥርም፤ ፍርሃታቸው ከየት እንደመጣ የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። ሐሳባቸውን ግን እንሞግታለን። የሩቁን ሟች በጩኸት፣ የቅርቡን በሹክሹክታ ማልቀስ ከዚያው ከዓለም መንግስታት ስሌት የተቀዳ ነውና።

ከግራዚያኒ እንጀምር። አዲስ አበባ ይህን ስም በየካቲት 12 ታውቀዋለች። ከእኛ በፊት ያወቁት ግን የሊቢያ ሙስሊሞች ናቸው። በምስራቅ ሊቢያ፣ በሲሬናይካ፣ ወደ 100,000 የሚጠጋ ህዝብ፣ አብዛኛው አርብቶ አደር፣ ከቀዬው ተነቅሎ በሽቦ በታጠረ በረሃ ታጎረ። በረሃብና በበሽታ በአስር ሺዎች አለቁ። የቁርኣን መምህሩ ሽማግሌ ዑመር ሙኽታር በመስከረም 1924 በግድ በተሰበሰበ ህዝባቸው ፊት ተሰቀሉ። የዚያን ጊዜው የዓለም መንግስታት ማህበር ምን አደረገ? ምንም! የሞቱት የቅኝ ተገዢ ዘላኖች ነበሩና ነገሩ የጣሊያን የቤት ውስጥ ጉዳይ ሆኖ ተቆጠረ። ያ ዝምታ ለግራዚያኒ የብቃት ምስክር ወረቀት ሆነለት። በዚያው ወረቀት ወደ እኛ ተላከ።

አጼ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ጄኔቫ ላይ ቆመው ስለ መርዝ ጋዙ ሲናገሩ ማህበሩ ሰማ። ሰምቶም በሳምንታት ውስጥ በጣሊያን ላይ የነበረውን ማዕቀብ አነሳ! ከስምንት ወር በኋላ፣ የካቲት 12 ቀን 1929፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ቤተ መንግስት፣ በዛሬው ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ከዚያ ለሦስት ቀን ከተማዋ ታረደች። ጎጆዎች ከነሰዎቻቸው ጋዩ። የኢትዮጵያ መንግስት ሟቾቹን 30,000 አለ። ዘመኑን ለዓመታት ያጠኑት ኢያን ካምቤል ወደ 19,000 ያደርሱታል። ጣሊያኖቹ ከዚህ እጅግ ያነሰ ቁጥር ተናገሩ። በቁጥሮቹ መሃል ያለው ገደል ራሱ ማስረጃ ነው፤ በጊዜው ሟቾቹን በስም የቆጠረ አልነበረም።

እዚህ ላይ ሙስሊሙ በተለይ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። የአዲስ አበባ ደም ሳይደርቅ፣ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በመጋቢት 1929 ሙሶሊኒ ትሪፖሊ ላይ «የእስልምና ሰይፍ» የሚል ስም የተሰጠው ሰይፍ ተቀብሎ የሙስሊሞች ጠባቂ ነኝ አለ። ዑመር ሙኽታርን የሰቀለ መንግስት! በኢትዮጵያም ይኸው መንግስት መስጊድ እያሰራ፣ ዐረብኛ እያስተማረ «እኔ የእናንተ ነኝ» ይል ነበር። ለምን ይመስላችኋል? በግንቦት ወር በደብረ ሊባኖስ ገዳም መነኮሳቱንና ዲያቆናቱን እንዲረሽን ጀነራል ማሌቲ ያሰማራው ከቅኝ ግዛቶች የተመለመለ ሙስሊም ሻለቃ ነበር። ሆን ተብሎ ተመርጦ! በክርስቲያኑ ደም የሙስሊሙን እጅ ነክሮ፣ ሁለቱ ለዘላለም አብረው እንዳያለቅሱ። ገዳይ ከጥይት በላይ የሚያስፈልገው ይህ ነው፤ የሟች ጎረቤት «የእኔ ወገን አይደለም» እንዲል።

ፍርዱስ? ከጦርነቱ በኋላ ኢትዮጵያ ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ አስር ጣሊያኖችን በጦር ወንጀለኝነት አስመዘገበች። ኃያላኑ፣ በተለይ እንግሊዝ፣ መንገዱን ዘጉት። ግራዚያኒ በሀገሩ የተፈረደበት ከናዚዎች ጋር በማበሩ ነው፤ እሱንም በወራት ውስጥ ተፈታ። በኢትዮጵያና በሊቢያ ለፈሰሰው ደም ለአንድ ቀን እንኳ ችሎት ፊት አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ2012 አፊሌ በተባለች ከተማ በህዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ቆመለት። (የእኛን የስድስት ኪሎ የሰማዕታት ሐውልት የቀረጹት ደግሞ የዩጎዝላቪያ ሰዎች ናቸው። ያቺ ሀገር ፈርሳ ቦስኒያ ላይ የሆነውን ስናስብ ሐውልቱን በሌላ ዓይን እናየዋለን።)

ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የተባበሩት መንግስታት የዘር ማጥፋት ወንጀልን የሚከለክል ስምምነት ሲያወጣ፣ ከዓለም ሀገራት ሁሉ ቀድማ ያጸደቀችው ማን ናት? ኢትዮጵያ! ሰኔ 24 ቀን 1941። በመርዝ ጋዝ የተቃጠለች ሀገር ስለሆነች ገብቷት ነበር። ስምምነቱ የሚያዘው መቅጣትን ብቻ አይደለም፤ መከላከልንም ጭምር ነው። የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 በቦስኒያ ጉዳይ ሲፈርድ፣ የመከላከል ግዴታው የሚጀምረው አንድ መንግስት ከባድ አደጋ መኖሩን ባወቀ ወይም ማወቅ በነበረበት ቅጽበት ነው ብሏል። ግዴታው ሬሳ ተቆጥሮ እስኪያልቅ፣ «ዘር ማጥፋት ነው ወይስ አይደለም» የሚለው ክርክር እስኪቋጭ አይጠብቅም።

ቃሉን መሸሽ የቆየ ብልሃት ነው። በ1986 ሩዋንዳ ስትታረድ የአሜሪካ ቃል አቀባዮች «የዘር ማጥፋት ድርጊቶች» ይሉ ነበር፤ «ዘር ማጥፋት» ላለማለት! ስንት ድርጊት ሲደመር ነው አንድ ዘር ማጥፋት የሚሆነው? የጸጥታው ምክር ቤት ደግሞ ጭፍጨፋው በተጀመረ በሁለት ሳምንቱ ሩዋንዳ የነበረውን 2,500 ያህል ጦር ወደ 270 እንዲወርድ ወሰነ። ሰው ሲያልቅ ጠባቂውን ቀነሱ። የገዳዩ መንግስት ተወካይ በዚያው ምክር ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። በመቶ ቀን ውስጥ ከ800,000 በላይ ሰው አለቀ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጽሕፈት ቤት የነበረው እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። ኋላ ራሱ ያቋቋመው የምርመራ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ዘገባ ጭፍጨፋውን መከላከል ይቻል እንደነበር መሰከረ። ቦሌ ውስጥ ሩዋንዳ የሚባል ሰፈር አለን፤ የታክሲ ረዳቱ ስሙን ሲጠራ ቀና ብሎ የሚያይ የለም።

በዚያች ሩዋንዳ፣ ኪጋሊ ውስጥ፣ ቢርዮጎ በሚባለው የሙስሊሞች ሰፈር ሰዎች ቱትሲ ጎረቤቶቻቸውን ደብቀዋል። የተደበቁት አብዛኞቹ ሙስሊም አልነበሩም። ደባቂዎቹ «ፖለቲካ ነው» አላሉም፤ «መስጊዳችንን ታስመቱታላችሁ» አላሉም። ምክንያት ከተፈለገ ከማንም በላይ ነበራቸው፤ በሩ ላይ የቆመው ገጀራ ነበር።

የአፍሪካ ህብረት የዛሬው ህንጻ የቆመው «ዓለም በቃኝ» እስር ቤት በነበረበት ቦታ ላይ ነው። የካቲት 12ም፣ ደርግም ሰው ያጎሩበት ቦታ። የህብረቱ ማቋቋሚያ ሕግ አንቀጽ 4 ህብረቱ የዘር ማጥፋት ሲፈጸም በአባል ሀገር ጣልቃ የመግባት መብት እንዳለው ይደነግጋል። እስከ ዛሬ በዚህ አንቀጽ አንድ ወታደር አልዘመተም። ዳርፉር ላይ ጀኒና በ2015 ስትታረድ አልዘመተም። ፋሺር ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ተከባ ሰው ተርቦ፣ በመጨረሻ በጥቅምት 2018 ስትወድቅና ሰው በየመንገዱ ሲረሸን አልዘመተም። ልብ በሉ! በዳርፉር ሟቹም ገዳዩም «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ይላል። «የእኛ ሰው ሲሞት ብቻ እንጮኻለን» የሚል ሰው እዚያ ምን ሊል ነው?

ዝምታውን የሰበሩት ደግሞ ትልልቆቹ አይደሉም። ከ700,000 በላይ ሮሂንጋዎች ከበርማ ሲባረሩ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት የሄደችው ጋምቢያ ናት፤ በካርታ ላይ ፈልገን የምናገኛት ትንሽ ሀገር። ለጋዛ ክስ ያቀረበችው ደቡብ አፍሪካ ናት። ስሬብሬኒጻ ላይ ለተገደሉት ከ8,000 በላይ ወንዶችና ወጣቶች ዓለም አቀፍ መታሰቢያ ቀን እንዲኖር ከጀርመን ጋር ሆና ሐሳቡን ያቀረበችው ሩዋንዳ ናት። ያም ከ29 ዓመት በኋላ ሲቀርብ 84 ሀገራት ደገፉ፣ 19 ተቃወሙ፣ 68ቱ ድምጽ አቀቡ። ሐምሳ ጊዜ የተፈረደበት ጉዳይ ላይ እንኳ 68 ሀገር አፉን ይዘጋል!

አሁን ወደ ቤታችን። ጥቅምት 30 ቀን 2013 ማይካድራ፤ አብዛኞቹ ሟቾች አማሮች። ኅዳር 19 እና 20 አክሱም፤ ሟቾቹ ትግራዋይ፣ ገዳዮቹ የኤርትራ ወታደሮች። በዚያው ወር የነጃሺ መስጊድ በከባድ መሳሪያ ተመታ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ጋሊኮማ፤ ሟቾቹ ከጦርነት የሸሹ አፋሮች፣ ብዙዎቹ ሕፃናት። ሰኔ 11 ቀን 2014 ቶሌ። የእያንዳንዱን ስም የሚያውቅ አለ፤ ግን ማይካድራን የሚያነሳው አክሱምን አያነሳም፣ አክሱምን የሚያነሳው ማይካድራን አያነሳም። ጋሊኮማንስ ከአፋር ውጪ ማን ያስታውሳል? አንዱን ማንሳት ሌላውን ለመካድ ሲውል እያየን ነው። ለገዳዮች ከዚህ የተመቸ ሀገር የለም።

ዓለምስ? የሰብዓዊ መብት ምክር ቤቱ በታኅሣሥ 2014 የኢትዮጵያን ጉዳይ የሚመረምር የባለሙያዎች ኮሚሽን አቋቋመ። ባለሙያዎቹ አደጋው እንዳላለፈ፣ ሌላ ግፍ ሊፈጸም እንደሚችል አስጠነቀቁ። መስከረም 2016 ላይ የሥራ ዘመናቸው ሲያበቃ ይራዘም የሚል ሐሳብ ያቀረበ አንድ ሀገር አልተገኘም። አንድም! ድምጽ ተሰጥቶበት ቢሸነፍ እንኳ ማን እንደተቃወመ እናውቅ ነበር። ኮሚሽኑ ጠያቂ አጥቶ ሞተ።

ስለ ቶሌ ትንሽ እንቆይ። በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ያለ ቀበሌ ነው። ከተገደሉት ብዙዎቹ በ1977ቱ ድርቅ ዘመን ከወሎ በሰፈራ የሄዱ ቤተሰቦች ናቸው፤ ብዙዎቹ ሙስሊሞች፣ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ከሞት ሸሽተው የሄዱበት ቦታ፣ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ሞት መጣባቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ በቄለም ወለጋ ሐዋ ገላን ሌላ እልቂት ተከተለ። መንግስት ሸኔን ከሰሰ፤ ራሱን የኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት የሚለው ቡድን አስተባበለ። የተባበሩት መንግስታት የሰብዓዊ መብት ኃላፊ ምርመራ ይደረግ አሉ። ከዚያ ወሬው በረደ። የሞቱት ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት በኩል 338 ተባሉ፤ አምነስቲ ከ400 በላይ አለ። በሁለቱ ቁጥሮች መሃል ከስድሳ በላይ ሰው አለ! ስድሳ ሰው ማለት በሶላት ጊዜ ስንት ሶፍ እንደሚሞላ ሁላችንም እናውቃለን።

«ገዳዩ ማን እንደሆነ አልተጣራም፤ እስኪጣራ ዝም እንበል» ይሉናል። የተገላቢጦሽ ነው። ያልተጣራው ዝም ስለተባለ ነው። ገለልተኛ ምርመራ ይደረግ ማለት ማንንም ሳይመረምሩ መወንጀል አይደለም፤ በጅምላ ከመወንጀልም የሚያድነው እሱ ነው። የገዳይ ወንጀል የገዳይ ነው፣ የህዝቡ አይደለም። ይህን ለማለት የሚቻለው ግን ገዳዩ በስሙ ሲታወቅ ነው።

«ዘር ማጥፋት ከባድ ቃል ነው» ይሉናል። አዎ ከባድ ነው። ቃሉን የሚበይነው ፍርድ ቤት ይሁን፤ እኛም ይህንኑ ነው የምንጠይቀው። የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ቃሉን የማያውቀው አይደለም፤ በታኅሣሥ 1999 መንግስቱ ኃይለ ማርያምን በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ያለው የራሳችን ችሎት ነው። የወንጀል ሕጋችንም በአንቀጽ 269 ይደነግገዋል። ሕጉ አለ፣ ችሎቱ አለ፣ የጎደለው የሚያቀርበው ነው።

«ጊዜው አይደለም» ይሉናል። ቶሌ ላይ ያኔ ስምንት ዓመቱ የነበረ ልጅ ዛሬ ጢሙ ሊወጣ ነው። መቼ ነው ጊዜው?

ስሬብሬኒጻ ላይ ክህደቱን ያሸነፉት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች አይደሉም። እናቶች ናቸው። የልጆቻቸውን ስም ይዘው ቢሮ ለቢሮ፣ ችሎት ለችሎት የዞሩ። ዛሬ ፖቶቻሪ በሚባለው መቃብር ስሞቹ በድንጋይ ተቀርጸዋል፤ በየዓመቱ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አዲስ የተለየ አጽም ካለ ስሙ ተጠርቶ ይቀበራል። ቁጥርን መካድ ይቻላል። ስም ከነአባቱ ሲጠራ ግን የሚክደው ሰው ፊት ለፊት የሚገጥመው ሰው አለ።

ስለዚህ ከአትላስና ከዙሪያው ጀመዓ የምንጠይቀው ይህን ነው። ለቶሌና ለሐዋ ገላን ሟቾች የሩቅ ሶላተል ጀናዛ ይሰገድ፤ ኢማሞቻችንን በአክብሮት እንጠይቅ። መጅሊሱ ገለልተኛ ምርመራ እንዲደረግ በይፋ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ደብዳቤውም ለጀመዓው ይነበብ። ሁሉም በሰላማዊ መንገድ፣ ያለ አንድ ድንጋይ!

ሦስተኛው ስም መሰብሰብ ነው። ቦሌ ውስጥ ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ፣ በዘመድ ቤት ተጠግተው፣ በጥበቃና በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ ወገኖች አሉ። በየሰፈራችን እናውቃቸዋለን። ከመጪው ጁሙዓ ጀምሮ ከሶላት በኋላ መዝጋቢዎች ይቀመጣሉ፤ በሴቶች በኩል እህቶች ይመዘግባሉ። የሚጻፈው የሟች ስም ከነአባትና ከነአያት፣ ዕድሜ፣ ቤተሰቡ መጀመሪያ የመጣበት ወረዳ፣ የሞቱበት ቀንና መንደር፣ ከታወቀ የተቀበሩበት ቦታ ነው። የተናጋሪው ስም አይጻፍም። በመዝገቡ ላይ የሃይማኖትና የብሔር ዓምድ የለም፤ የማይካድራም፣ የአክሱምም፣ የጋሊኮማም ሟች ዘመድ ያለው መጥቶ ያስመዝግብ፤ ክርስቲያን ጎረቤት ካላችሁ ይዛችሁ ኑ። አቂቃው ሳይደርስ፣ ስም ሳይወጣለት የሞተ ሕፃን ካለ በእናቱ ስም ይመዘገባል።